ከመጫወቻ በፊት እጃችን

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቼ የሕፃናት ማቆያ ከከፈትኩ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነኝ። አሁን 11 ልጆች አሉን። ትንሹ የ4 ወር ነው። ትልቋ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። እኔን ጨምሮ አራት ሆነን ነው የምንይዛቸው። ይሄን የምጽፈው እንደኔ ሕፃናት ለሚይዙ ሰዎች ነው። ማቆያ የከፈታችሁ፣ ለመክፈት ያሰባችሁ፣ ሞግዚት የሆናችሁ፣ የልጅ ልጅ ይዛችሁ ቤት የምትውሉ፣ ሁላችሁም። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳስቼ ነው የተማርኩት። እናንተ ያን ያህል ጊዜ ባታባክኑ ደስ ይለኛል።

የኛ ሰፈር ወላጅ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጁን አቅፎ በር ያንኳኳል። መገናኛ ለመድረስ የታክሲው ሰልፍ አለ፣ መንገዱ አለ። ማታም እንደዚያው ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ የመጣ ወላጅ “ዛሬ ቶሎ ደረስክ” ይባላል። ስለዚህ አንድ ሕፃን እኛ ጋ 11 ሰዓት ይውላል። ነቅቶ ከሚያሳልፈው ጊዜ አብዛኛውን የሚያየው የኛን ፊት ነው። ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ስለሆነ፣ አንገታቸው ገና ያልጠና ልጆች ሁሉ ይመጡልናል። ይሄን ሳስብ ኃላፊነቱ አሁንም ያስፈራኛል።

መጀመሪያ ስከፍት ብር ያወጣሁት በማይሆን ነገር ላይ ነበር። ትልቅ ቲቪ ገዛሁ። ሦስት ወከር (ልጅ ውስጡ ተቀምጦ በእግሩ የሚገፋው ባለ ጎማ ወንበር)፣ ሁለት የሚወዛወዝ ወንበር፣ ከመርካቶ ደግሞ በባትሪ የሚዘፍኑ መጫወቻዎች አመጣሁ። ግድግዳው ላይ ኤ ቢ ሲ ዲ ለጠፍኩ። ለማየት የሚመጣ ወላጅ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ደስ ይለዋል፣ ይመዘገባል። ልጆቹም ቲቪው ሲከፈት ጸጥ ይሉ ነበር። እኔ ያንን ጸጥታ እንደ ሰላም ቆጠርኩት።

ሰላም እንዳልነበረ ያወቅኩት በሁለት አጋጣሚ ነው።

አንድ ልጅ ነበረን። ማሙሽ ልበለው። እናቱ የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ልታስከትበው ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጠው ስትል ወደ ጎን ዘንበል አለ። ጀርባው አልያዘውም። “ቀኑን የት ነው የሚውለው?” አለቻት። “ማቆያ።” “እዚያስ ምን ላይ ነው የሚውለው?” እናቱ መልስ አልነበራትም። በማግስቱ ጠዋት መጥታ ያንኑ ጥያቄ እኔን ጠየቀችኝ። ቆሜ አሰብኩ። ጠዋት ወከር ላይ ነው። ከዚያ ይተኛል። ከዚያ የሚወዛወዘው ወንበር ላይ ታስሮ ቲቪ ያያል። ሲበላ ታቅፎ ነው። ከሰዓት እንደገና ወከር። በቀን ውስጥ መሬት የሚነካበት ጊዜ አልነበረም። ያንኑ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። መብራት አራት ቀን ጠፋ። የመጀመሪያው ቀን ለቅሶ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን እትዬ የምንላቸው ትልቋ ተንከባካቢያችን ምንጣፍ አነጠፉ፣ ጋቢ ደረቡበት፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አወረዷቸው። ከኩሽና የድስት ክዳን፣ ማማሰያና ሰፌድ ይዘው መጡ። እሳቸው ስድስት ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ወከር የሚባል ነገር አዲስ አበባ መጥተው ነው ያዩት። በሦስተኛው ቀን ጡጦ እያጠብኩ ከክፍሉ ድምፅ ሰማሁ። “አጉ” ይላል አንዱ። “ዳ ዳ ዳ” ትላለች ሌላዋ። አንዱ ሲጮህ ሌላው ቆም ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ ይመልሳል። እንደ ሰው እየተነጋገሩ ነው። ያን ድምፅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በአራተኛው ቀን መብራቱ ሲመጣ ቲቪውን አልከፈትኩትም። ቆይቼ ሸጥኩት። ወከሮቹን ግን ሌላ ልጅ እንዳይቀመጥባቸው ጎማቸውን ነቅዬ ለቁራሌው ሰጠሁ። ካናዳ ወከርን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጥ መከልከሏን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ቶሎ እንዲሄድ አያደርግም። ከደረጃ ላይ እየተንከባለሉ የሚጎዱት ግን ብዙ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ደረጃ አይጠፋም።

ከዚያ በኋላ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። የገባኝ ነገር አንድ ነው። ለሕፃን የትምህርት ክፍለ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ሲታጠብ፣ ሲበላ፣ ዳይፐሩ ሲቀየር፣ ሲያቅፉት፣ ሲያወርዱት ነው የሚማረው። የመጀመሪያው መማሪያው የኛ እጅና አፍ ነው። ሁለተኛው መሬቱ ነው። መጫወቻ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህ የኔ ግኝት አይደለም። ኤሚ ፒክለር የሚባሉ የሃንጋሪ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። በ1946 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ውስጥ የሕፃናት ማሳደጊያ ከፈቱ። ሞግዚቶቹን ሁለት ነገር አስተማሯቸው። ሕፃኑን ስትነኩት ቀስ በሉ፣ ከመንካታችሁ በፊት ንገሩት። የቀረውን ጊዜ ደግሞ መሬት ላይ በነፃነት ይንቀሳቀስ፣ በራሱ ያልደረሰበት አቋም ላይ አታስቀምጡት። ይሄን ለእትዬ ሳነብላቸው ሳቁ። “ወፌ ቆመች የሚባለው እኮ ከቆመ በኋላ ነው” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ልጁ በራሱ ተነስቶ ሲቆም እናጨበጭብለታለን እንጂ፣ እያጨበጨብን አናቆመውም።

አሁን ዳይፐር እንዴት እንደምንቀይር ልንገራችሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ማቆያችንን ከሁሉም በላይ የለወጠው እሱ ነው እላለሁ።

ድሮ ልጁን ከኋላ አንስተን፣ አስተኝተን፣ ሁለቱን እግር በአንድ እጅ ወደ ላይ ይዘን፣ ጠርገን፣ አስረን፣ እናወርደው ነበር። አንድ ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ ነው። አፋችን የሚያወራው ከጓደኛችን ጋር ነው። አሁን ግን መጀመሪያ ፊት ለፊቱ ቁጭ እንላለን። ዓይኑ ሲያየን ሁለት እጃችንን ዘርግተን “ላንሳህ ነው፣ እንሂድ?” እንላለን። ከዚያ እንጠብቃለን። ከባዱ መጠበቁ ነው። ሦስት አራት ሰከንድ ነው፣ ግን ለለመደ እጅ በጣም ረጅም ነው። ስናስተኛው “ሱሪህን ላወልቅ ነው። ይሄ ቀኝ እግርህ ነው። ውሃው ትንሽ ይቀዘቅዛል” እንላለን። ጥጡን እንዲይዝ እንሰጠዋለን። “አሁን ቂጥህን ከፍ አድርግልኝ” ብለን እጃችንን ከስሩ እናደርግና አሁንም እንጠብቃለን።

ይሄን ስንጀምር አንድ የ8 ወር ልጅ ነበር። ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር የሚያለቅስ፣ የሚገለበጥ፣ የሚታገል። ሦስት ሳምንት ሆነን። አንድ ቀን “ቂጥህን ከፍ አድርግልኝ” ስለው ሁለት እግሩን ምንጣፉ ላይ ተከለና ወገቡን አነሳ። በራሱ። ከዚያ አየኝና ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ልጁ ቃላቱን ያውቃቸው ነበር። የጠበቀው ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ።

ሒሳቡን ደግሞ እዩት። አንድ ሕፃን እኛ ጋ በቀን አምስት ጊዜ ይቀየራል። በያንዳንዱ ጊዜ 5 ደቂቃ ብንሰጠው 25 ደቂቃ ነው። በሳምንቱ አምስት የሥራ ቀናት 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይሆናል። ለብቻው፣ ዓይን ለዓይን፣ ቋንቋ እየሰማ። 11 ልጅ በሚውልበት ቤት ለአንድ ልጅ ይሄን ያህል ጊዜ ከሌላ ቦታ ማግኘት አይቻልም። “ሰው ስለሚያንሰን ከልጆቹ ጋር መጫወት አልቻልንም” የምትሉ፣ ጊዜው እጃችሁ ላይ ነው ያለው። ማብላትም እንደዚሁ ነው። ማንኪያውን አፉ ውስጥ ከመክተት ይልቅ ትንሽ ራቅ አድርጎ ይዞ አፉን እስኪከፍት መጠበቅ። አንድ ማንኪያ ለሱ፣ አንድ ማንኪያ ለኛ። ይዘረግፋል፣ ገንፎው ጸጉሩ ላይ ይወጣል። ይውጣ።

መሬቱን በተመለከተ ደግሞ ወላጆች አጥብቀው የሚከራከሩኝ ስለ ብርድ ነው። አራብሳ ነፋሻማ ነው፣ ሴራሚኩም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ፎም ምንጣፍ ነው የምናነጥፈው። ፍራሽ አይሆንም፣ ይሰረጉዳል፣ ልጁ የሚገፋበት ነገር ያጣል። ወፍራም ሱሪና ሹራብ እናለብሰዋለን። ካልሲውን ግን እናወልቃለን። በካልሲ የሚድህ ልጅ ይንሸራተታል፣ በጣቶቹ መሬቱን መያዝ አለበት። ለጥንቃቄ ፀሐይ ወደ ክፍሉ ከምትገባበት ከ4 ሰዓት ጀምሮ ነው ባዶ እግር የምናደርጋቸው። እግሩ ቀዝቀዝ ቢል ሆዱንና አንገቱን ነክቼ አያለሁ። እነሱ ሞቃት ከሆኑ ልጁ አልበረደውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ አለ። ገና መንቀሳቀስ ያልጀመረ ሕፃን ነቅቶ እያለ በቀን ውስጥ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ መተኛት አለበት ይላል። በአንዴ ሳይሆን ተከፋፍሎ። አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ወንበር ላይ ታስሮም ሆነ ታዝሎ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ቲቪና ስልክ ጭራሽ አይመከርም። ስለ ማዘል ብዙ እናቶች ይደነግጣሉ። እኔ ማዘልን እወዳለሁ። ልጁ ሙቀት ያገኛል፣ ይረጋጋል፣ ሰው ሲያወራ ይሰማል። ነጥቡ አንቀልባው ውስጥ ግማሽ ቀን እንዳይቆይ ነው።

በሆድ ማስተኛቱን እንዲህ ነው የምናደርገው። ዳይፐር ከተቀየረ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ጡጦ ከጠጣ ወዲያው አይሆንም፣ ያስመልሰዋል። ላልለመደ ልጅ ነጠላ ጠቅልለን ከደረቱ ስር እናደርጋለን። የእናቱ ነጠላ ከሆነ ጠረኑን ስለሚያውቀው ይረጋጋል። ከዚያ እኛም ፊት ለፊቱ በሆዳችን እንተኛለን። ይሄ ግዴታ ነው። ፊት ካላየ አንገቱን የሚያነሳበት ምክንያት የለውም። ሲነጫነጭ እንገለብጠዋለን እንጂ አናስጨንቀውም። በሁለት ሳምንት ደቂቃው ራሱ ይረዝማል። ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው፣ ትራስና ብርድ ልብስ ፊቱ አጠገብ ሳይኖር። ይሄን ሁለቱን አታደባልቁ። ነቅቶ ሰው እያየው በሆድ፣ ተኝቶ በጀርባ።

ማሙሽ በአምስት ሳምንት ውስጥ ያለ ድጋፍ ተቀመጠ። ሌላ ነገር አላደረግንለትም። መሬት ላይ አዋልነው፣ በቃ። በ15 ወሩ ሄደ።

አሁን ስለ ሰፌዱ። ኤሊኖር ጎልድሽሚድ የሚባሉ እንግሊዛዊት የሕፃናት አስተማሪ ነበሩ። መቀመጥ ለቻለ፣ ገና ላልዳኸ ልጅ በቅርጫት የቤት ዕቃ ሞልታችሁ ስጡት ይሉ ነበር። ፕላስቲክ ሳይሆን የተለያየ ነገር። እንጨት፣ ብረት፣ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ፍራፍሬ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕላስቲክ መጫወቻ ሁሉ አፍ ውስጥ ሲገባ አንድ ዓይነት ነው። ቅዝቃዜው፣ ክብደቱ፣ ጣዕሙ ያው ነው። ብረት ማንኪያና የእንጨት ማማሰያ ግን ለሕፃን ሁለት ዓለም ናቸው።

እኛ ሰፌድ ላይ ነው የምናቀርበው። የእንጨት ማማሰያ፣ የብረት ማንኪያ፣ የድስት ክዳን፣ ጣሳ ኩባያ፣ ትንሽ ሙዳይ፣ የጸጉር ብሩሽ፣ ትልቅ ሎሚ፣ ጥብቅ ተደርጎ በጨርቅ የተሰፋ ኮረሪማ። አንዲት የ9 ወር ልጅ አስታውሳለሁ። ክዳኑን አነሳች። ላሰችው። ገለበጠችው። ፊቷን አየችበትና ቆመች። ማማሰያውን በሌላ እጇ አንስታ መታችው። ደነገጠች። ወደኔ አየች፣ እኔ ዝም አልኩ። እንደገና መታችው፣ አሁን ቀስ አድርጋ። ከዚያ ሎሚውን መታችበት። ድምፁ የተለየ ነው። ግንባሯን ቋጠረች። እንደገና ክዳኑን። እንደገና ሎሚውን። 20 ደቂቃ ቀና ሳትል ቆየች። ያኔ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ከቲቪው ጸጥታ ጋር ግን አይገናኝም።

እዚህ ላይ አዋቂው ሥራው አጠገብ መቀመጥና ዝም ማለት ነው። ለኛ ይከብደናል። “እንዲህ አድርጊው፣ በርቺ፣ ጎበዝ፣ ይሄ ምንድን ነው?” ማለት እንወዳለን። ዳይፐር ስትቀይሩ አውሩ፣ ሰፌድ ስታቀርቡ ዝም በሉ። ሁለተኛውን ተንከባካቢዎቼ ለመልመድ ከመጀመሪያው የበለጠ ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ዕቃዎቹን ማታ ማታ እናጥባለን፣ እያንዳንዱን እናያለን። የተሰነጠቀ እንጨት ወዲያው ይጣላል። አንድ መለኪያ አለን። የሶፍት መሃል ያለው ካርቶን። በሱ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ጉሮሮ ይዘጋል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ኦቾሎኒ ግቢያችን አይገቡም። ወላጆች በቦርሳ ይዘው ሲመጡ እንኳን በር ላይ እንቀበላለን። ክብ ትንንሽ ባትሪ ያለው መጫወቻ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት። ልጅ ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ይችላል። ጊዜ ሳታባክኑ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

መሄድ የጀመሩት ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። መሸከም፣ መግፋት፣ መቅዳት፣ ማፍሰስ። ሃይላንድ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርገን ክዳኑን አጥብቀን እንሰጣቸዋለን። ከዚያ ጥግ ወደዚህ ጥግ ሲሸከሙ ይውላሉ። ክብደቱ ነው የሚያስደስታቸው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው የውሃ ጨዋታ ቅንጦት ይመስላል። እኛ አንድ ጆግ ውሃ ሳፋ ውስጥ እናደርግና ሁለት ሁለት ሆነው በኩባያ ይቀዳሉ። ሲጨርሱ በዚያው ውሃ ወለሉ ይወለወላል። ጨርቅ ይዘው አብረው ይወለውላሉ። ውሃው ትንሽም ቢሆን ሰው አጠገባቸው ሳይኖር አንተዋቸውም።

ሁለት ዓመት ያለፋቸው ቡና ያፈላሉ። የተሰበረ ረከቦት አለን፣ እግሩን አስጠግነን ነው። የፕላስቲክ ስኒ ደርድረው “ቡና ጠጡ!” ብለው ይጠራሉ። አንዱ ወንድ ልጅ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞልኝ መጣና “አቦል” አለኝ። እስከዚያ ቀን ከአምስት ቃል በላይ አልነበረውም። አባቱ ማታ ስነግረው ደስ አላለውም፣ ወንድ ልጅ ቡና ሲያፈላ መዋሉ ከበደው። ቃሉን ማን እንደሰጠው አስረዳሁት። ስኒ እየቀረበለት፣ ሰው እየጠራ፣ ተራ እየጠበቀ ነው የተማረው። የኔ አቋም ግልጽ ነው። በዚህ ዕድሜ የሴት ጨዋታ የወንድ ጨዋታ ብሎ መከፋፈል ልጁን ከቋንቋ መከልከል ነው።

ቋንቋ ካነሳን፣ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ቤት ውስጥ በኦሮምኛ ማውራት አቁማ ነበር። ይደባለቅበታል ብላ ፈርታ። እንድትመለስበት ለመንኳት። ሕፃን ሁለት ሦስት ቋንቋ አብሮ ይችላል። ልቡ የሚከፈተው ደግሞ እናቱ በምትናገርበት ቋንቋ ነው። እኛም ቃላት ጽፋ ሰጠችንና በር ላይ ለጠፍን። ልጁን “ኮቱ” (ና) ስንለው ከሁሉም ፈጥኖ ይመጣል። “ቢሻን” ሲል ውሃ እንሰጠዋለን። እንግሊዝኛ ለምን አታስተምሩም ብላ ልጇን ያስወጣች እናትም አለች። አልፈርድባትም። ለመጪው ትምህርት ቤት ተጨንቃ ነው። ግን በአማርኛ አፉን ላልፈታ ልጅ ኤ ቢ ሲ ዲ ማስዘመር አሁን አላደርገውም፣ ቢከፈለኝም።

መናከስን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ በአጭሩ። ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል የተለመደ ነው። ክፋት አይደለም፣ ቃል ማጣት ነው። መልሶ መንከስ የለም፣ መምታት የለም። የተነከሰውን አቅፈን፣ የነከሰውን ዓይኑን እያየን “ያማል፣ አይነከስም” እንላለን። ከዚያ አንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት ሁለት መኖሩን እናረጋግጣለን። የኛ ጠብ ግማሹ የቆመው ሁለተኛ ክዳን ሲመጣ ነው።

ማታ ልጅ ስናስረክብ “ዛሬ በላ፣ ተኛ” ብቻ አንልም። አንድ ያየነውን ነገር እንናገራለን። “ዛሬ ክዳኑን ከድስቱ ጋር ገጠመችው።” “ዛሬ ወደ ቀኝ ተገለበጠ።” ደክሞት የመጣ አባት ይሄን ሲሰማ ልጁን የሚያቅፍበት እጅ ይለወጣል። ቤቱ ሄዶም ክዳን ያወርድላታል።

ልጆችን እርስ በርስ ማወዳደር ግን ተዉ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ሕፃናትን አጥንቶ ነበር። ጤነኛ ልጅ በራሱ መሄድ የሚጀምረው ከ8 ወር ገደማ እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ሰፊ ነው። የጎረቤት ልጅ በ10 ወሯ ሄደች ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። 9 ወር አልፎት ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፣ 18 ወር አልፎት የማይሄድ፣ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ 18 ወር ሆኖት አንድም ቃል የሌለው፣ አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ሕፃን፣ ይችለው የነበረውን ነገር የተወ ልጅ። እነዚህን ስታዩ “ይደርሳል፣ አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው” አትበሉ። ጤና ጣቢያ ይታይ። በከተማው የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩ ባለሙያዎችም አሉ። ወረዳችሁን ጠይቁ።

ይሄን አጥብቄ የምለው በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው። ያኔ ቲቪ በነበረበት ጊዜ እኛ ጋ ነበረች። ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ የማትነቅል። ወላጆቿም እኛም “እንዴት ደስ የምትል ልጅ ናት” እንል ነበር። ቲቪው ከተዘጋ በኋላ አንድ ቀን ክዳን ከጀርባዋ ወደቀ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዘለሉ። እሷ አልዞረችም። እትዬ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ከኋላዋ ሆነን በስሟ ጠራናት፣ አጨበጨብን። ምንም። ማታ ለእናቷ ነገርናት። ሆስፒታል ታይታ የመስማት ችግር እንዳለባት ታወቀ፣ ክትትልም ጀመረች። የዓመት ከሁለት ወር ልጅ ነበረች። እኛ ጋ ከዋለች ሰባት ወር ሆኗት ነበር።

አሁን ሁለት ዓመት ተኩሏ ነው፣ የመስሚያ መሣሪያ አላት። ዳይፐሯን ስንቀይር ከኋላዋ አንመጣም። ፊት ለፊቷ ቁጭ እንላለን፣ እጃችንን ዘርግተን አፋችንን እንድታየው ቀስ ብለን እንናገራለን። ካየችን በኋላ እሷ ራሷ እጇን ትዘረጋለች። ከዚያ ነው የምናነሳት።